ደሞዝ፣ መኪናና የተከለከለ መጠጥ፦ አሜሪካ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል

በ2025 ክረምት (ዓመታቱም ወራቱም ቀኖቹም ሁሉ በጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ናቸው) ጋሉፕ የተባለው የሕዝብ አስተያየት መዛኝ ድርጅት፣ አልኮል እጠጣለሁ የሚለው አሜሪካዊ ጎልማሳ ቁጥር ወደ 54 በመቶ መውረዱን ይፋ አደረገ። ድርጅቱ ይህን ጥያቄ መጠየቅ ከጀመረበት ከ1930ዎቹ መጨረሻ ወዲህ እንዲህ ዝቅ ያለ ቁጥር አልተመዘገበም። በዚህ ጊዜ ማንም አላስገደዳቸውም፤ ብዙዎቹ ጥቂት መጠጣትም ጤናን ይጎዳል ወደሚል እምነት መጥተው በገዛ ፈቃዳቸው ቀንሰዋል። ከመቶ ዓመት በፊት ግን ያው አገር ይህንኑ ውጤት በሕገ መንግሥት ድንጋጌ ለማምጣት ተነሥቶ፣ ወደ 14 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ መጠጥ መጥመቅን፣ መሸጥንና ማጓጓዝን በመላ ግዛቱ ከልክሎ ነበር።

ያ ዘመን ብዙ ጊዜ የሚተረከው ሁለት ቦታ ተከፍሎ ነው። በአንደኛው ትረካ መኪናው፣ ራዲዮው፣ የዱቤ ግዢውና የአክሲዮን ገበያው አሉ፤ በሌላኛው ስውር መሸታ ቤቱ፣ የኮንትሮባንድ መርከቡና የወንበዴዎች አለቃው አል ካፖን። የዚህ ጽሑፍ አቋም ሁለቱ አንድ ታሪክ ናቸው የሚል ነው። ኸርበርት ሁቨር በ1928 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር ክልከላውን የጠራው «ታላቅ ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ሙከራ» ብሎ ነው፤ ኢኮኖሚያዊ የሚለውም ቃል ንግግር ለማሳመር የገባ አልነበረም። ሕጉ ሲወጣም ሆነ ሲሻር፣ ከሥነ ምግባሩ ክርክር ሥር የነበረው ጥያቄ የሠራተኛው ደሞዝ ወዴት ይሂድ፣ የመንግሥትስ ካዝና ከማን ኪስ ይሙላ የሚል ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት የ1900ዎቹን መጀመሪያ መሸታ ቤት ማየት ያስፈልጋል። መሸታ ቤቱ የሚገኘው ፋብሪካው ደጃፍ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ዕቃውንና ፈቃዱን የሚሸፍንለት ትልቅ የቢራ ፋብሪካ ነበር፤ በምላሹም ባለቤቱ የዚያን ፋብሪካ ቢራ ብቻ ይሸጣል። ሠራተኛው የደሞዝ ቼኩን እዚያው ይመነዝራል፤ ለሚጠጣ ሰው ምሳ በነፃ ይቀርባል፤ ምሳው ደግሞ ጨው የበዛበት ዓሣ፣ ቋሊማና አይብ ስለሆነ አንዱን ብርጭቆ ሁለተኛው ይከተለዋል። ቤት ውስጥ የምትጠብቀው ሚስት በአብዛኛው ግዛት የመምረጥ መብት አልነበራትም፤ ባሏ የሳምንቱን ደሞዝ ጨርሶ ቢገባ የምትከስበት ቦታም አልነበራትም። የሴቶች ክርስቲያናዊ ፀረ መጠጥ ኅብረት በ1874 የተቋቋመው ከዚህ ምሬት ነው። ዛሬ የክልከላውን ደጋፊዎች የሰው ደስታ የሚያናድዳቸው ግትሮች አድርጎ ማቅረብ የተለመደ ቢሆንም፣ የእነዚያን እናቶች በደል ሳይቆጥሩ የሚደረግ ትንታኔ ገና ከመነሻው የተዛባ ነው።

ምሬቱን ወደ ሕግ የለወጠው ግን በ1893 በኦሃዮ የተመሠረተው ፀረ መሸታ ቤት ማኅበር ነው። በዌይን ዊለር መሪነት ማኅበሩ የፖለቲካ ፓርቲ አልሆነም፤ እጩው ዴሞክራትም ይሁን ሪፐብሊካን፣ በግል ሕይወቱ ይጠጣም አይጠጣም፣ ለክልከላ ድምፅ ከሰጠ ይደግፈዋል፣ ካልሰጠ ይጥለዋል። በመንገዱ ላይ የቆመው ትልቁ እንቅፋት ግን የመንግሥት ገቢ ነበር፤ ከእርስ በርስ ጦርነቱ ጀምሮ ከፌዴራል መንግሥቱ ገቢ ሲሶ ያህሉ ይመጣ የነበረው ከመጠጥ ታክስ ነውና። በ1913 የጸደቀው 16ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የገቢ ግብርን ሲፈቅድ፣ መንግሥት ያለ ጠጪው ሳንቲም መኖር የሚችልበት በር ተከፈተ። ከአራት ዓመት በኋላ አገሪቱ ከጀርመን ጋር ጦርነት ስትገጥም ደግሞ፣ ትልልቆቹ የቢራ ፋብሪካዎች ፓብስት፣ ሽሊትዝና ቡሽ የሚባሉ የጀርመን ስሞችን የያዙ ስለነበሩ፣ ቢራን መቃወም አገር መውደድ ተደርጎ ታየ። ክልከላውን የደነገገው 18ኛው ማሻሻያ በጥር 1919 ጸደቀ፤ ማስፈጸሚያው የቮልስቴድ ሕግ በፕሬዚዳንት ዊልሰን ውድቅ ቢደረግም ኮንግረስ በዚያው ዓመት ጥቅምት ውድቅ ማድረጉን ሽሮ አጸደቀው፤ ክልከላውም ከጥር 17 ቀን 1920 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ።

ከሃይማኖተኞቹና ከእናቶቹ ጎን የተሰለፈው ሦስተኛው ኃይል የፋብሪካ ባለቤቱ ነበር፤ የሄንሪ ፎርድ ታሪክም ይህን በቅርብ ያሳያል። ፎርድ በ1913 ዲትሮይት አጠገብ በሚገኘው በሃይላንድ ፓርክ ፋብሪካው ተንቀሳቃሹን የመገጣጠሚያ መስመር ሲዘረጋ፣ የአንድን መኪና ሻሲ ለመገጣጠም ከ12 ሰዓት በላይ ይወስድ የነበረው ሥራ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ወረደ። እንዲህ ባለው መስመር ላይ አንድ ሰካራም ወይም ሰኞ ጠዋት የቀረ አንድ ሠራተኛ የሚያቆመው የራሱን ሥራ ብቻ ሳይሆን የመስመሩን ሁሉ ነው። በጥር 1914 ፎርድ የቀን ክፍያውን ከእጥፍ በላይ አሳድጎ 5 ዶላር አደረሰው፤ ይህ ክፍያ ግን ቅድመ ሁኔታ ነበረው። የኩባንያው መርማሪዎች ማስታወሻ ደብተር ይዘው እየዞሩ የሠራተኛውን ቤት ያንኳኳሉ፤ ቤቱ ንጹሕ መሆኑን፣ ገንዘብ መቆጠቡንና አለመጠጣቱን ያጣራሉ፤ ያላለፈ ሰው ሙሉውን ክፍያ አያገኝም። ፎርድ ሠራተኛው ገንዘቡን በመሸታ ቤት ካላጠፋ መኪና መግዛት ይችላል ብሎ ያምን ነበር፤ እምነቱም ቢያንስ ስለ መኪናው ከእውነት የራቀ አልነበረም፤ በ1908 በ850 ዶላር ገበያ የወጣው ሞዴል ቲ በ1920ዎቹ አጋማሽ ርካሹ ዓይነት ከ300 ዶላር በታች ይሸጥ ነበር።

ይህን እምነት የሳይንስ ልብስ ያለበሱት የዬል ዩኒቨርሲቲው ኢርቪንግ ፊሸር ናቸው። በዘመናቸው ከአሜሪካ ኢኮኖሚስቶች ሁሉ የታወቁት እኚህ ሰው፣ መጠጥ የሠራተኛውን ቅልጥፍና በምን ያህል እንደሚቀንስ ገምተው፣ ለመጠጥ ይወጣ የነበረው ገንዘብ ወደ ሌላ ዕቃ መዞሩን ደምረው፣ ክልከላው ለአገሪቱ በየዓመቱ ቢሊዮን ዶላሮች እንደሚያስገኝ አሰሉ። በእርሳቸው ስሌት የ1920ዎቹ ዕድገት በከፊል የክልከላው ሕግ ፍሬ ነበር።

ዕድገቱ ራሱ የማይካድ ነው። ከ1920–21 አጭር ግን ከባድ መቀዝቀዝ በኋላ ኢኮኖሚው በአማካይ በዓመት 4 በመቶ ገደማ አደገ። በ1920 ወደ 8 ሚሊዮን የነበሩት የተመዘገቡ የቤት መኪኖች በ1929 ወደ 23 ሚሊዮን ደረሱ። በኅዳር 1920 የፒትስበርጉ ኬዲኬኤ ጣቢያ የምርጫ ውጤት በራዲዮ ካሰማ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ ከመቶ ቤተሰብ 40ው ራዲዮ ነበረው። ያም ሆኖ ቁጥሩን ከለውጡ ጋር ማምታታት አይገባም፤ ዋናው ለውጥ ሰው ዕቃ የሚገዛበት መንገድ ነበር። ጄኔራል ሞተርስ በ1919 የራሱን አበዳሪ ኩባንያ አቋቋመ፤ የፋይናንስ ሹሙ ጆን ራስኮብ የሐሳቡ አባት ነበር። በአሥርቱ ዓመታት አጋማሽ ከአራት መኪና ሦስቱ ገደማ የሚሸጠው በየወሩ በሚከፈል ዱቤ ነበር። አያቶቹ ዱቤን እንደ ነውር ይቆጥሩ የነበረ ቤተሰብ አሁን ማቀዝቀዣውን፣ የልብስ ማጠቢያውንና ራዲዮውን ገና ባልሠራው ደሞዝ ይገዛ ጀመር። ማስታወቂያውም ዕቃው ምን እንደሚሠራ ከመንገር አልፎ፣ ዕቃው የሌለው ሰው ምን እንደሚቀርበት ወደ መንገር ተሻገረ።

ድግሱ ግን ለሁሉም አልደረሰም። የጦርነቱ ጊዜ የእህል ዋጋ ከወደቀ በኋላ ገበሬው አሥሩን ዓመት በዕዳ ነው የገፋው፤ በ1930 እንኳ ከአሥር የእርሻ ቤት አንዱ ገደማ ብቻ መብራት ነበረው። የፋብሪካው ምርታማነትም ከደሞዙ ቀድሞ አደገ። የግምጃ ቤት ሚኒስትሩ አንድሪው ሜለን በበኩላቸው የከፍተኛ ገቢ ግብርን ጣሪያ ከ73 በመቶ ወደ 25 በመቶ እንዲወርድ አደረጉ። ሜለን የክልከላው አስፈጻሚ መሥሪያ ቤትም አለቃ ነበሩ፤ ከሹመታቸው በፊት ግን ኦቨርሆልት በተባለ የታወቀ የውስኪ ፋብሪካ ድርሻ ነበራቸው። በመላ አገሪቱ መጀመሪያ የተሰማሩት ወደ 1,500 የሚጠጉ ወኪሎች ብቻ ሲሆኑ ክፍያቸውም አነስተኛ ነበር፤ ከአንድ ወር ደሞዛቸው የሚበልጥ ጉቦ በአንድ ሌሊት ይቀርብላቸው ነበር። የኒው ዮርክ ግዛት የራሱን ማስፈጸሚያ ሕግ በ1923 ሽሮ ሸክሙን ሁሉ በእነዚህ የፌዴራል ወኪሎች ላይ ጣለው።

ሕጉ ራሱ መሸጥን እንጂ መጠጣትን አልከለከለም፤ ከክልከላው በፊት የተገዛ መጠጥ ቤት ውስጥ ማኖርም ወንጀል አልነበረም። ስለዚህ አቅም ያለው ሰው በ1919 ምድር ቤቱን በጠርሙስ ሞልቶ ተቀመጠ። ሐኪም ውስኪ እንደ መድኃኒት ማዘዝ ይችል ነበር። በቤት ውስጥ የፍራፍሬ ጭማቂ ማዘጋጀት የተፈቀደ በመሆኑም የካሊፎርኒያ የወይን ገበሬዎች ከክልከላው በኋላ የበለጠ ወይን ተከሉ፤ ጭማቂው በገዢው ምድር ቤት ምን እንደሚሆን ሁሉም ያውቅ ነበር። አንሃይዘር ቡሽ እርሾ፣ የብቅል ሽሮፕና አይስክሬም ሸጠ፤ የብቅል ሽሮፑም እዚያው ቤት ውስጥ ወደ ቢራ ይለወጣል።

የፎርድና የፊሸር ስሌት ያልገመተው ነገር፣ ያው ብልጽግና ያመጣቸው ዕቃዎች ሕጉን ለመጣስ ከሁሉ የተመቹ መሆናቸውን ነው። የዲትሮይት ወንዝ አሜሪካን ከካናዳ የሚለየው አንዳንድ ቦታ ላይ ከአንድ ማይል ባነሰ ስፋት ነው፤ በብርዱ ወራት ውኃው ሲቀዘቅዝ መኪኖች መጠጥ ጭነው በበረዶው ላይ ይሻገሩበት ነበር። በታኅሣሥ 1921 ከዲትሮይት ወደ ግራንድ ራፒድስ በሚወስደው መንገድ ላይ ወኪሎች አንድ ኦልድስሞቢል አስቆሙ። መኪናው ውስጥ የሚታይ ነገር አልነበረም፤ አንደኛው ወኪል የመቀመጫውን መደገፊያ መታ ሲያደርገው ግን ከተለመደው የጠነከረ ሆኖ አገኘው። ጨርቁን ቀደው ሲያዩ ከውስጡ 68 ጠርሙስ ውስኪና ጂን ወጣ። ወኪሎቹ የፍርድ ቤት ማዘዣ ስላልነበራቸው ክርክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱም በ1925 መኪና ከቤት በተለየ ማዘዣ እስኪመጣ ድረስ ከአካባቢው ሊሰወር ስለሚችል፣ በቂ ጥርጣሬ ካለ ያለ ማዘዣ ሊፈተሽ ይችላል ብሎ ወሰነ። በተከሳሹ ስም የካሮል ውሳኔ የሚባለው ይህ ነው። ዛሬ በአሜሪካ መንገድ ላይ ፖሊስ አስቁሞት መኪናው የሚፈተሽ ማንኛውም ሰው፣ እዚያ የሚኖረውን ወገናችንን ጨምሮ፣ በዚያ የመቀመጫ መደገፊያ ሕግ ሥር ነው ያለው።

ከዚህም በላይ ዘመኑን የሚያሳየው የሮይ ኦልምስቴድ ጉዳይ ነው። ኦልምስቴድ የሲያትል ፖሊስ ሌተናንት ነበር፤ ከሥራው ከተባረረ በኋላ ከካናዳ መጠጥ የሚያስገባ ድርጅት አቋቋመ፤ አወቃቀሩ በፍርድ ቤቱ መዝገብ ላይ እንደ አንድ አክሲዮን ማኅበር ሰፍሮ ይገኛል። እርሱ 10,000 ዶላር፣ ሌሎች 11 ሰዎች ደግሞ እያንዳንዳቸው 1,000 ዶላር አዋጡ፤ የትርፉ ግማሽ የእርሱ ነበር። ድርጅቱ 50 ያህል ሠራተኞች፣ ሁለት የባሕር መርከቦች፣ ከከተማ ውጭ ከመሬት በታች የተቆፈረ መጋዘን፣ ሒሳብ ሠራተኛ፣ አከፋፋዮችና ጠበቃ ነበረው። በከተማው መሃል ባለው ቢሮ በሦስት የተለያዩ መስመሮች ሦስት ስልኮች ተዘርግተው ደንበኛ እየደወለ ያዝዛል፤ አንዳንድ ቀን እስከ 200 ሣጥን ይደርሳል። ገበያ በቀዘቀዘበት ወር ሽያጩ 176,000 ዶላር ነበር። ወኪሎቹ ወደ ቢሮው ሳይገቡ፣ በሕንፃው ምድር ቤትና በየመንገዱ ካለው ሽቦ ላይ ስልኩን ጠልፈው ለወራት አዳመጡ፤ ማስታወሻቸው በታይፕ ተጽፎ 775 ገጽ ሞላ። በ1928 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ድምፅ፣ ወደ ማንም ቤት ስላልተገባ ፍተሻ አልተደረገም በማለት ማስረጃውን ተቀበለ። ዳኛ ሉዊ ብራንዳይስ በልዩነት ሐሳባቸው የዜጋን ምስጢር የሚጠብቀው ሕግ ከቴክኖሎጂው ጋር አብሮ መራመድ አለበት ብለው ተከራከሩ፤ የእርሳቸው አቋም በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያሸነፈው ግን በ1967 ነው።

ክልከላው ምንም አልሠራም የሚለው የተለመደ አባባል ትክክል አይደለም። የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች በጉበት በሽታ ሞትና በመሰል መረጃዎች ላይ ተመሥርተው እንደገመቱት፣ የአልኮል ፍጆታ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቀድሞ ከነበረበት ወደ 30 በመቶ ገደማ ወርዶ፣ በኋላ ወደ 60 እና 70 በመቶ ተመልሷል። ይህ ትንሽ ለውጥ አይደለም። የመጠጥ ዋጋ በእጅጉ ስለጨመረ ዋነኛ ቅነሳው የመጣው ከሠራተኛው ወገን ነበር። ሀብታሙ የካናዳ ውስኪ ሲጠጣ ድሃው የቀረለት ርካሹ ብቻ ነው፤ ርካሹ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ የተሰረቀ የኢንዱስትሪ አልኮል ነበር። መንግሥት ይህ አልኮል እንዳይጠጣ መርዛማው ሜታኖል እንዲጨመርበት ያዝዝ ነበር፤ ከ1927 መጀመሪያ ጀምሮም መጠኑን ከፍ አደረገ። የኒው ዮርክ ከተማ ዋና የአስከሬን መርማሪ ቻርልስ ኖሪስ፣ የሚሞቱት ጥሩ መጠጥ መግዛት የማይችሉት ድሆች መሆናቸውን እየጠቀሱ ድርጊቱን በአደባባይ አወገዙ። በ1930 ደግሞ «ጄክ» በሚባል፣ በመድኃኒት ስም በሚሸጥ የዝንጅብል አረቄ ውስጥ በተጨመረ ኬሚካል ምክንያት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች እግራቸው ሽባ ሆነ። በሚሺጋን ላንሲንግ ከተማ አንዲት የአሥር ልጆች እናት ጥቂት መጠጥ በመሸጥ በተደጋጋሚ በመከሰሷ በ1928 ዕድሜ ልክ ተፈረደባት። ለእናቶች ተብሎ የተጀመረ ሕግ እዚህ መድረሱን ያለ ሐዘን መጻፍ አይቻልም።

የሕጉ ዕጣ የተወሰነው ግን በእነዚህ ሰዎች ሥቃይ አልነበረም። ፊሸር በጥቅምት 1929 የአክሲዮን ዋጋ ለዘለቄታው ከፍ ያለ ሜዳ ላይ የደረሰ ይመስላል ብለው ከተናገሩ በቀናት ውስጥ ገበያው ወደቀ፤ የገዛ ሀብታቸውም አብሮ ጠፋ። በመስከረም መጀመሪያ 381 የነበረው፣ የታላላቅ ኩባንያዎችን የአክሲዮን ዋጋ የሚለካው የዳው ጆንስ አማካይ በሐምሌ 1932 ወደ 41 ወረደ፤ በ1933 ከአራት ሠራተኛ አንዱ ሥራ አጥ ነበር። በወርሃዊ ዱቤ የገዛ ቤተሰብ ቀጣዩን ክፍያ ለመክፈል ሌላውን ግዢ ሁሉ አቆመ፤ ፋብሪካውም የሚገዛው አጥቶ ሠራተኛ አሰናበተ። ከግለሰቦች ይሰበሰብ የነበረው የገቢ ግብር በ1930 ከነበረበት በሦስት ዓመት ውስጥ ወደ ሲሶው ገደማ አሽቆለቆለ። በ1913 መጠጥን መከልከል እንዲቻል ያደረገው የገቢ ምንጭ ሲደርቅ የክልከላው መሠረት ተናደ።

ለዚህ ቀን ቀድመው የተዘጋጁ ሰዎች ነበሩ። የጄኔራል ሞተርስ ፕሬዚዳንት የነበረው ፒየር ዱ ፖንት እና የዱቤው ኩባንያ አባት ራስኮብ፣ ክልከላውን የሚቃወመውን ማኅበር ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በገንዘብም በአመራርም ይዘው ነበር። ራስኮብ በ1929 ክረምት በአንድ የሴቶች መጽሔት ላይ ማንኛውም ሰው በወር 15 ዶላር ለአክሲዮን ቢያውል ባለጸጋ ሊሆን እንደሚችል የመከረ ሰው ነው። የማኅበሩ ጽሑፎች ስለ ነፃነትና ስለ ሕግ መከበር ይናገሩ ነበር፤ ከዚያ ጋር ግን ቢራ ቢፈቀድና ታክስ ቢጣልበት የገቢ ግብርን በእጅጉ መቀነስ፣ እንዲያውም ማስቀረት እንደሚቻል በቁጥር ያሳዩ ነበር። ክልከላው እንዲሻር ለመታገል በ1929 ፖሊን ሴቢን የመሠረቱት የሴቶች ድርጅት ደግሞ ፀረ መጠጥ ኅብረቱን በአሜሪካ ሴቶች ሁሉ ስም የመናገር ሥልጣን ነጠቀው።

ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ሥልጣን በያዙ በወሩ፣ ሚያዝያ 7 ቀን 1933፣ ቀለል ያለ ቢራ በሕጋዊ መንገድ መሸጥ ጀመረ፤ በየበርሜሉም 5 ዶላር ታክስ ነበረበት። ታኅሣሥ 5 ቀን ዩታ ለማጽደቅ የምታስፈልገው 36ኛዋ ግዛት ሆና ድምፅዋን ስትሰጥ ክልከላውን የሻረው 21ኛው ማሻሻያ ጸደቀ። በ1934 የመጠጥ ታክስ 258 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገባ፤ ይህም ከፌዴራል ገቢ ወደ 9 በመቶ ነው። ዱ ፖንትና ራስኮብ የጠበቁት የገቢ ግብር ቅነሳ ግን አልመጣም። በዚያው ዓመት ሩዝቬልትን የሚታገል አዲስ ማኅበር አቋቋሙ፤ በ1935 ኮንግረስ የግብሩን ጣሪያ ወደ 79 በመቶ ከፍ አደረገው። ያ ጣሪያ የሚነካው ግን በዓመት ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያገኙትን እጅግ ጥቂት ሰዎች ብቻ ሲሆን፣ የበርሜሉ 5 ዶላር በየብርጭቆው ዋጋ ላይ ታክሎ፣ ያን ጊዜም የዕለት ሥራ ከሚፈልገው ሰው ኪስ ይሰበሰብ ነበር።